አንድ ሀ፣ የሞተር ዳሯ ወንበር

ዘርአ ዳዊት ክፉ ሰው ነው የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ አፉን አሲዤ እመልሰዋለሁ። ደረቅ ነው ካላችሁኝ ግን አልጣላችሁም። ደረቅ ነበር። ወላሂ ያን የመሰለ ደረቅ አይቼ አላውቅም። በስተርጅናዬ ከካድሬ ጋር እልህ አጋብቶ፣ ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ብርድ ባዶ ቅርጫት አስይዞ ያመላለሰኝ እሱ ነው።

እኔ ረሒማ ነኝ፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ። አንኮበር ገደሉ አናት ላይ ናት፤ እኛ ከገደሉ ሥር ቆላው ላይ ነን። ሎሚና በርበሬ በአህያ ጭኜ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ከአንኮበር አውቶቡስ እይዝና ደብረ ብርሃን እሸጣለሁ፤ ከሰዓት በዚያው አውቶቡስ ባቄላና ገብስ ይዤ እመለሳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

ጠላቴ ብርድ ነው። የቆላ ሰው ነኛ! ጉልበቴን አንዴ ብርድ ከመታው የታጠፈው አይዘረጋም። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ስንደርስ አልነሣም አለኝና ሁለት ጎረምሶች እንደተቀመጥኩ፣ እግሬ እንደታጠፈ፣ ተሸክመው አወረዱኝ። ገበያው ሙሉ ሳቀ። ሎሚዬን የሚያየው ጠፋ፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያይ። ስለዚህ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ከሞተሩ ክዳን ዳር ያለችው ወንበር ለእኔ ወንበር አልነበረችም፤ እንጀራዬ ነበረች። እዚያ ከተቀመጥኩ ሞተሩ ጉልበቴን ሲያሞቅልኝ ይውላል፣ በእግሬ ወርጄ እነግዳለሁ። ሌላ ቦታ ከተቀመጥኩ ያ ቀን ከሰረ።

ያቺን ወንበር ማግኘት ደግሞ ቀላል አልነበረም። ዘርአ ዳዊት ከመምጣቱ በፊት አሳፋሪያችን ጉልበት ነበር። ጉልበት ያለው በበር ይገባል፣ የሌለው በመስኮት ይገፋል፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ሥር ሥሩን ይሹለከለካል። ነጠላ የማይቀደድበት ቀን አልነበረም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ ነው ዘርአ ዳዊት የመጣው። የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ አራት ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቷል፤ በሩ ላይ ቆሞ የተሳፋሪውን ካርድ መቅደድ ነበር ሥራው። አባቱ ሲሞቱ እናቱን ለመጦር ተመለሰና የአንኮበር አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነ። አውሮፕላን ተሳፍረህ ታውቃለህ ወይ ብለው፣ “አላውቅም፣ እማማ። ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም” አለኝ። እንዴት ያለ ኩራት መሰላችሁ!

በመጣ በሳምንቱ ነጭ ቀለም ገዛና ወንበሮቹን ሁሉ ጻፈባቸው። ከፊት ጀምሮ አንድ ሀ፣ አንድ ለ፣ አንድ ሐ፣ አንድ መ፤ ከዚያ ሁለት ሀ እያለ እስከ ዘጠኝ። የእኔዋ የሞተር ዳሯ አንድ ሀ ሆነች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ምን ያደርግልኛል እያልኩ ነበር የማንቀላፋው። ለካስ ለዚህ ኖሯል! የሲጋራ ካርቶን እየቆረጠም የመሳፈሪያ ካርድ አዘጋጀ። ለየሰዉ የወንበሩን ቁጥር ጽፎ ይሰጣል፤ ስንገባ ግማሹን ይቀድና ግማሹን ይመልስልናል። ቀሪው ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እኔ ቤት አንድ ጣሳ ሙሉ አለ።

አሳፈሩም በጥሪ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሞ፣ “ክቡራን ተጓዦች! መጀመሪያ ነፍሰ ጡሮች!” ሲል አሥራ አራት ሴቶች ብድግ አልን። ከመካከላችን ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ከባልዋ ሞት ወዲህ ሃያ ዓመት ብቻዋን የኖረች አመተ ማርያም ነበረች። ዘርአ ዳዊት ቢያያት፣ “ምን ታያለህ? የእግዜር ሥራ ነው!” አለችው። ቀጥሎ “ሽማግሌዎች!” ብሎ ሲጣራ ደግሞ አንድም ሰው አልነቃነቅ አለ። መሪጌታ ወልደአረጋይ ጢማቸው ሆዳቸው ላይ ደርሶ፣ “እኔ እንኳ ገና ነኝ” ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

ከመነሣታችን በፊት ደግሞ ፊታችን ይቆምና ይለፍፋል። “አውቶቡሳችን ሁለት በር አላት፤ የኋላው በምስማር ተመትቷል፣ የፊቱ አይዘጋም። የእጅ ዕቃ ለአንድ ሰው አንድ ዶሮ ነው። ፍየል ጣሪያ ላይ ይጓዛል። ዛሬ የምንጓዘው ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ነው።” ውሸት አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ግን እንዲያ ብሎ ሲናገረው ሰው ሁሉ የወንበሩን ብረት ጭምድድ አድርጎ ይይዝ ነበር። ሾፌራችን ፈረጅ እንኳን፣ ያ የመንገድ ሽፍታ፣ ቀበቶውን ጠበቅ ያደርግ ጀመር።

ዋናው ነገር ግን ደብተሩ ነው። አውሮፕላን ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ሰው ይከበራል ብሎናል፤ ቀድሞ ይገባል፣ የፊት ወንበር ይሰጠዋል፣ ሻንጣው ቀድሞ ይወርድለታል። እኛም ዘንድ እንዲሁ ይሁን አለና ደብተር ከፈተ። አንድ ጊዜ ተሳፍረህ ከወረድክ አንድ ጭረት። በየሦስት ወሩ ጭረቱ በሕዝብ ፊት ይቆጠራል፤ አንደኛ የወጣው የሚቀጥለውን ሦስት ወር አንድ ሀ ላይ ይቀመጣል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይታደላል፣ ዕቃው ከጣሪያ ቀድሞ ይወርዳል። ሁለተኛው አንድ ለን ያገኛል። ከዚያ ደብተሩ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። እንግዲህ ከእኔ በላይ የሚመላለስ ማን አለ? ሃምሳ ሁለት ጭረት ይዤ አንድ ሀ ላይ ጉብ አልኩ። “የዘወትር ተጓዣችን እማማ ረሒማ!” ብሎ ሲጠራኝ እነዚያ የሚገፉኝ ጎረምሶች መንገድ ይለቁልኛል። አልሃምዱሊላህ ብዬ፣ ጉልበቴን ሞተሩ ላይ አድርጌ፣ ቆሎዬን ስቆረጥም እሄዳለሁ።

ኅዳር ሲገባ ጓድ ገብረአማኑኤል መጣ። አዲስ የተመደበ ካድሬ ነው፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጺሙ ከፊቱ የሚቀድም። አውቶቡስ ውስጥ ገባና ቀጥ ብሎ አንድ ሀ ላይ ቁጭ። እኔ ካርዴን ይዤ ከፊቱ ቆምኩ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ዶሮዎቹ እንኳ ያሰገጉ መሰለኝ።

“ጓድ፣ የእርስዎ ወንበር ስምንት መ ነው” አለ ዘርአ ዳዊት።

“እዚህ ይመቸኛል።”

“ይመቻል። እዚያ ለመቀመጥ ግን መጓዝ ያስፈልጋል።”

“እየተጓዝኩ አይደለም እንዴ?”

“ይኸ የመጀመሪያዎ ነው። እማማ ረሒማ ባለፈው ሦስት ወር ሃምሳ ሁለት ጊዜ ተጉዘዋል።”

ጓዱ ተነሥቶ ቆመ። “በአውቶቡስ ውስጥ መደብ! አንደኛ ማዕረግ፣ ሁለተኛ ማዕረግ! ይህ እኮ የፊውዳል ቅሪት ነው!” ብሎ ጮኸ።

እኔ እንዴት እንደፈራሁ! በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። “ይቀመጥበት ልጄ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ” አልኩ። ዘርአ ዳዊት ወይ ፍንክች። “ፊውዳል ከአባቱ ይወርሳል፣ ጓድ። እማማ ረሒማ ከማንም አልወረሱም፣ ሎሚ ሲሸከሙ ነው ያገኙት። ሲያልቅም ይሰረዝባቸዋል። እርስዎም ከተመላለሱ የእርስዎ ይሆናል” አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ካርድዎ ላይ ባለው ወንበር ይቀመጡ!” ብሎ ተቆጣኝ።

ካድሬው ደብተሩን ነጥቆ ገጽ በገጽ አገላበጠ። የሚይዘው ነገር አጣ። “መልካም” አለ። “በደንብህ መሠረት እወስደዋለሁ። በየቀኑ ደብተሩን አየዋለሁ፣ በየገጹም እፈርማለሁ። አንዲት የሐሰት ነገር ያገኘሁ ዕለት ግን ከዚህ አውቶቡስ ትወርዳለህ፤ የት እንደምትደርስም እኔ ነኝ የምነግርህ።” ይህን ብሎ ስምንት መ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰውየው የምሩን ኖሯል! በማግስቱም መጣ። በሠልስቱም መጣ። ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ምን ሥራ አለህ ሲሉት ጋዜጣ ላመጣ ነው ይላል። አንዲት ጋዜጣ ይዞ ይመለሳል፤ በማግስቱ ያችኑ ጋዜጣ ይዞ ይሄዳል። አንኮበር ላይ ስብሰባ የሚጠራ ጠፋ። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ንቃት ይነገረው የነበረ ገበሬ ማሳው ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት ገብሱ ያማረው ለዚህ ነው የሚሉ አሉ። መሪጌታ ወልደአረጋይ፣ “ዘርአ ዳዊትን በጸሎት አስቡት” እያሉ በየቤቱ ዞሩ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። በሦስተኛው ሳምንት ጭረት ብጠይቅ ጓዱ በስምንት በልጦኛል። የትናንት ልጅ መጥቶ ወንበሬን ሊወስድ ነው! ጉልበቴስ? ልጄ ነሲባ፣ “እማዬ፣ ተይው፣ አብደሻል እንዴ?” ብትለኝ፣ “ዝም በይ! አንቺ ጉልበት አለሽ” አልኳት። አልዩ አምባ ወርጄ መውጣቱን ትቼ አንኮበር አመተ ማርያም ቤት ከተምኩ። ከዚያ በየቀኑ ሄድኩ፣ በየቀኑ ተመለስኩ። ሎሚዬ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ባዶ ቅርጫቴን ቅጠል አልብሼ፣ የሞላ አስመስዬ፣ አስተግፊሩላህ እያልኩ እሳፈር ነበር። ጓዱ በጋዜጣው፣ እኔ በቅጠሌ። ሥራ ያለው ፈረጅ ብቻ ነበር።

ጓዱም ቢሆን አልተመቸውም። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሆዱ ይገለበጥበታል፤ አራት ቀን ታሞ ሲቀር እኔ ደረስኩበት። አንድ ቀን ከስምንት መ ሲያቃስት ሰማሁና ለራሴ ከያዝኳት ሎሚ ቆርጬ ላክሁለት። ስንወርድ፣ “አመሰግናለሁ፣ እናት” አለኝ። “ምስጋናህን ያዝ” አልኩት፣ “ብትሞትብኝ ያለ ተወዳዳሪ አሸነፈች ይሉኛል!” ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ልጅ ነው፣ እናቱ የናፈቀችው ይመስላል። ብቻ ከነሳቁ በማግስቱ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጥር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው መቶ ሃያ ሁለት ለመቶ ሃያ ሁለት እኩል ሆንን። በዚያ ቀን ከደብረ ብርሃን ስንመለስ የአውቶቡሱ ቺንጋ፣ ያ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ሜዳ መሃል፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ፈረጅ ወርዶ አየና፣ “ዛሬ እዚሁ ነን፣ ቺንጋ እስኪመጣ” አለ። ሞተሩ በረደ፣ ጉልበቴ ይቆረጥመኝ ጀመር። እንዲህ እያለን የአረርቲው ዓወል በጭነት መኪናው ደረሰ። ያውቀኛል። “እማማ፣ ከእኔ ጋር ይግቡ፣ አንኮበር ነኝ!” አለ። መኪናው ሙቀት ውስጥ ገብቼ ለጓዱ በመስኮት እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም ሊወርድ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ከዚያ ዘርአ ዳዊት ብብት ሥር ያለውን ደብተር አየና እግሩን መለሰ። ሞኝ! አልኩ። እየሳቅሁ አንኮበር ገባሁ።

አውቶቡሱ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ጓዱ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጋዜጣውን ደረቱ ውስጥ ጠቅጥቆ ወረደ። በቀረችው በመጨረሻዋ ቀን ሁለታችንም ሄድን፣ ሁለታችንም ተመለስን።

የካቲት አንድ ጠዋት አንኮበር ማዞሪያው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ዘርአ ዳዊት ደብተሩን ከፈተ። ዕድሜ ልኬን ለሠርጌም እንዲያ አልተንቀጠቀጥኩም። “ጓድ ገብረአማኑኤል፣ መቶ ሃያ አምስት” አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። “እማማ ረሒማ፣ መቶ ሃያ አራት።”

“ምን? አንዷ የት ሄደች?” አልኩት።

“ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት በአውቶቡስ ተሳፍረዋል፣ ከአውቶቡስ ግን አልወረዱም። ጉዞ የሚባለው ተሳፍሮ የወረደው ነው፣ እማማ።”

“በአንተ ሞት! ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ እዚያ ብቀመጥ ደርቄ እቀር ነበር! አንዲት ጭረት፣ ልጄ። አንዲት ጭረት ምን ትጎዳለች?” አልኩ። ለመንኩት፣ ሰው ፊት ለመንኩት። አመተ ማርያምም ለመነች፣ መሪጌታም ጣልቃ ገቡ። ጓዱ እጁን ኪሱ ከትቶ ጫማውን ያያል። ዘርአ ዳዊት ፊቱ አመድ መሰለ። “እናቴም ብትሆን አልጨምርም” አለና ደብተሩን ዘጋው።

ወይ ጉድ! የረገምኩትን እርግማን ዛሬ አልደግመውም፣ ተውበት አድርጌበታለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ካርዴን ሲሰጠኝ መንጭቄ እቀበላለሁ፣ ቀሪውን ፊቱ ላይ እጥልበታለሁ። እንደኔ ግን እሱም አልተኛም መሰለኝ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

ጓዱ ወንበሬ ላይ ቆሎዬን እየቆረጠመ ወፈረ። የካቲት አጋማሽ ላይ ደግሞ ከላይ የመጣ አንድ ተቆጣጣሪ፣ ከጓዱ የሚበልጥ ባለሥልጣን፣ ቀድሞ ገብቶ አንድ ሀ ላይ ተቀምጦ ቆየው። ዘርአ ዳዊት አፉን ሳይከፍት ጓዱ በሩ ላይ ደረሰ። “ጓድ፣ የእርስዎ ስምንት መ ነው!” አለ። ሰውየው፣ “ይህ ምን ማለት ነው? መደብ ነው እንዴ?” ቢለው፣ “መደብ አይደለም! ይህ በላብ የተገኘ ነው! መቶ ሃያ አምስት ጊዜ ሆዴ እየተገለበጠ ያገኘሁት ነው!” ብሎ እስከ ፈረጅ ድረስ አስደነገጠን። ተቆጣጣሪው ስምንት መ ሄዶ ቁጭ አለ። ተናድጄ እንኳ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

የእኔ ዕጣ አንድ ለ ነበረች፣ የሁለተኛዋ። ስሟ ብቻ ነው ሁለተኛ። በሩ ሥር ናት፣ በሩ ደግሞ አይዘጋም፤ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ነፋሱ ጉልበቴ ላይ ያፏጫል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተሸክመው አወረዱኝ። በአራተኛው ደንበኛዬ ሎሚ ሌላ ቦታ ገዝታ ጠበቀችኝ። በዚያ ቀን ስመለስ፣ ይበቃኛል፣ ንግዱ አበቃ፣ አልዩ አምባ ገብቼ ነሲባ ትጡረኝ ብዬ ቆረጥኩ። ለአመተ ማርያም ነገርኳት። እሷ ለማን እንደነገረች አታውቁም መቼም።

በሚቀጥለው ጠዋት የተረፈችኝን ሎሚ ልሸጥ ለመጨረሻ ጊዜ ተሳፈርኩ። ጉም ነው፣ አንድ ክንድ አይታይም። ዘርአ ዳዊት እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል። ትንሽ እንደሄድን ጎንበስ አለና ኮቱን አውልቆ ሁለቱን ጉልበቴን ጥቅልል አደረጋቸው፤ እጅጌዎቹን ከሥር ቋጠራቸው። ከሥር ያለችው ስስ ሸሚዝ ብቻ ናት።

“ምንድን ነው ይኼ?” አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማናገሬ ነው።

“የአንድ ለ አገልግሎት ነው።”

“መቼ የወጣ ደንብ?”

“ድሮም ያለ ነው፣ እማማ። አውሮፕላን ላይም አለ፤ ሁለተኛ ለወጣ ተጓዥ የአሳፋሪው ኮት ይሰጣል።”

“ስንት ጊዜ አፍህን ሳትገጥም ስለ አውሮፕላን ስትለፍፍብን፣ ስለ ኮት አንድ ቀን ትንፍሽ ብለህ ታውቃለህ?”

ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ። ጆሮው ቀልቷል። ጓድ ገብረአማኑኤል ይህን ሁሉ ከአንድ ሀ ላይ ይሰማል። ቀስ ብሎ ዞረና፣ “ደብተሩ ላይ ተጽፏል?” አለው። የዚያን ደብተር እያንዳንዷን ገጽ ያነበበ፣ እያንዳንዷ ላይ የፈረመ ሰው ነው። ኮቱን ልፈታ እጄን ሰደድኩ፣ ዘርአ ዳዊት እጄን ያዘኝ።

“ተጽፏል፣ ጓድ” አለ። ጥርሱ ገጭ ገጭ ይላል።

ጓዱ አየው። እኔን አየኝ፣ ጉልበቴን አየ። ከዚያ “እንግዲህ ደንብ ከሆነ ደንብ ነው” ብሎ ወደ ፊቱ ዞረ።

አንዲት ጭረት አልጨምርም ብሎ ሰው ፊት ያስለቀሰኝ ልጅ፣ በካድሬ ፊት ዓይኑን አፍጥጦ ዋሸልኝ። ሎሚ ቆርጬ በአፉ አጎረስኩት። ብርድ ላይ ሎሚ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፣ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ሊሸከሙኝ መጡ፤ በእግሬ ወረድኩ።